ዊሊያም ቢርድ

ዊሊያም ቢርድ (1540 ገደማ – ጁላይ 4 ቀን 1623) እንግሊዛዊ የሙዚቃ ደራሲ፣ የኦርጋን ተጫዋችና ዘማሪ ነበረ። በወጣትነቱ በሊንከን ካቴድራል የኦርጋን ተጫዋችና የሕፃናት መዘምራን አስተማሪ ሆኖ ሠርቷል። ከ1572 ጀምሮ ደግሞ የእንግሊዝ ነገሥታት የራሳቸው መዘምራን በነበሩበት በንጉሣዊው ቤተ ጸሎት አገልግሏል። ወደ 470 የሚጠጉ ድርሰቶች ትቶ ያለፈ ሲሆን ትልቁ ድርሻ መንፈሳዊ ነው።

ቢርድ ደመወዙን የሚቀበለው ከፕሮቴስታንቱ የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ነበር፤ እምነቱ ግን በአገሩ ሕግ የተከለከለው የካቶሊክ እምነት ነበረ። በዚህ ምክንያት ለካቴድራል የእንግሊዝኛ መዝሙር ሲደርስ፣ በሌላ በኩል ደግሞ በመኳንንት ቤት ተደብቆ ለሚደረግ ቅዳሴ የላቲን ዜማ ይደርስ ነበር። የተከለከለውንም ቢሆን በስሙ አሳትሞታል።

በዚህ ገጽ ያሉት ዓመታትና ወራት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የዘመኑ ሁኔታ

የቢርድን ሕይወት ለመረዳት አስቀድሞ በእንግሊዝ የነበረውን የሃይማኖት ለውጥ ማወቅ ያስፈልጋል። ንጉሥ ሄንሪ 8ኛ በ1534 አገሩን ከሮማው ፓፓ ሥልጣን ለየ፤ ቅዳሴው ግን በላቲን ቀጠለ። በልጁ በኤድዋርድ 6ኛ ዘመን፣ በ1549፣ የእንግሊዝኛ የጸሎት መጽሐፍ ወጣና ላቲኑ ቀረ። በ1553 ንግሥት ሜሪ ስትነግሥ የካቶሊክን ሥርዓት መለሰች። እርሷ በ1558 ስትሞት የአባቷ ልጅ ኤልሳቤጥ 1ኛ ዙፋኑን ያዘች፤ በ1559 የወጣው ሕግም አገሪቱን እንደገና ፕሮቴስታንት አደረገ። አንድ የካቴድራል ዘማሪ በ10 ዓመት ውስጥ የሚዘምርበት ቋንቋና ሥርዓት ሦስት ጊዜ ተለወጠበት ማለት ነው።

ለውጡ ዜማውንም ነካ። ከተሐድሶው በፊት በእንግሊዝ ካቴድራሎችና ገዳማት የሚዘመረው ባለ ብዙ ድምፅ ዜማ ነበር፦ አምስትና ስድስት የተለያዩ ዜማዎች በአንድ ጊዜ ተነሥተው እርስ በርስ እየተሸረቡ የሚሄዱበት፣ አንዱ ቃል ብቻውን ለረጅም ጊዜ የሚሳብበት ዜማ። ተሐድሶ አራማጆቹ ይህን አልወደዱትም። ሕዝቡ ቃሉን መስማትና መረዳት አለበት ባዮች ስለነበሩ ለእያንዳንዱ ክፍለ ቃል አንድ ድምፅ በቂ ነው ይሉ ነበር። በብዙ ቦታ ኦርጋኖች ተነቀሉ፤ ገዳማቱ ሲዘጉ መዘምራኑ ተበተኑ። ኤልሳቤጥ ግን ራሷ ሙዚቃ ወዳድና ቨርጂናል የተባለውን ባለ ክር መሣሪያ የምትጫወት ስለነበረች፣ ካቴድራሎች መዘምራናቸውን እንዲይዙ ፈቀደች። ቢርድ ሥራ ያገኘው በዚህ ፈቃድ ነው።

ልደትና ትምህርት

የተወለደበት ቀን በትክክል አይታወቅም። በ1598 ለፍርድ ቤት በሰጠው ቃል ዕድሜው 58 ዓመት ገደማ መሆኑን ተናግሯል፤ ይህም ልደቱን ወደ 1540 ያደርሰዋል። በ1622 በጻፈው ኑዛዜ ደግሞ 80ኛ ዓመቱ ላይ እንዳለ ይገልጻል። ሁለቱ አይገጣጠሙም፤ ተመራማሪዎች ባብዛኛው የሚቀበሉት የመጀመሪያውን ነው። የተወለደው በለንደን ሲሆን ሁለት ወንድሞቹ ሳይመንና ጆን በቅዱስ ጳውሎስ ካቴድራል የሕፃናት መዘምራን ነበሩ።

አስተማሪው ቶማስ ታሊስ ነበረ። ታሊስ ሄንሪን፣ ኤድዋርድን፣ ሜሪንና ኤልሳቤጥን፣ አራቱንም ነገሥታት በተከታታይ ያገለገለ ሙዚቀኛ ነው። ላቲን ሲፈለግ በላቲን፣ እንግሊዝኛ ሲፈለግ በእንግሊዝኛ እየደረሰ ሁሉንም ዘመን በሰላም አለፈ። ተማሪው ግን እንደ እርሱ ዝም ብሎ ለማለፍ የሚመች ጠባይ አልነበረውም።

በሊንከን ካቴድራል

ቢርድ በ1563፣ ገና 23 ዓመት ገደማ ሲሆነው፣ የሊንከን ካቴድራል የኦርጋን ተጫዋችና የሕፃናት መዘምራን አስተማሪ ሆኖ ተሾመ። ሊንከን በምሥራቅ እንግሊዝ በኮረብታ ላይ የተሠራ ትልቅ ካቴድራል ነው። የመካከለኛው ግንቡ ሾጣጣ ጫፍ በዓለም እጅግ ረጅሙ ነበር ይባላል፤ ቢርድ ከመምጣቱ 15 ዓመት በፊት፣ በ1548፣ ነፋስ ጥሎት ነበር። ለቢርድ በካቴድራሉ ግቢ ኪራይ የማይከፈልበት ቤት ተሰጠው፤ የሥራ ውሉም ለዚያ ዘመን ጥሩ የሚባል ነበር።

ሥራው ሁለት ፊት ነበረው። በአንድ በኩል ሕፃናቱን ዜማ ማንበብና መዘመር ያስተምራል፤ ከፍተኛውን ድምፅ የሚይዙት እነርሱ ነበሩ፤ ዝቅ ያሉትን ድምፆች አዋቂ ወንዶች ይዘምራሉ። በሌላ በኩል በየዕለቱ በጧትና በማታ ጸሎት ኦርጋን ይጫወታል። መዘምራኑ በቀኝና በግራ ፊት ለፊት ተሰልፈው እየተቀባበሉ ይዘምራሉ፤ አንዱ ወገን በካቴድራሉ አለቃ በዲኑ፣ ሌላው በዜማ መሪው ይሰየማል። የዚያ ዘመን የእንግሊዝ ኦርጋን ዛሬ በካቴድራሎች እንደምናየው ግዙፍ አልነበረም። በእግር የሚረገጥ ቁልፍ አልነበረውም፤ ወናፉን የሚነፋ ሰውም ያስፈልገው ነበር።

ጠቡ የመጣው በዚሁ ኦርጋን ላይ ነው። በኖቬምበር 1569 ካቴድራሉን የሚያስተዳድረው የዲኑና የካህናቱ ጉባኤ የቢርድን ደመወዝ አገደ። ተመራማሪዎች እንደሚገምቱት የኦርጋን አጨዋወቱ ጌጥ በዝቶበታል፣ ድርሰቱም ለፕሮቴስታንት ጸሎት የማይገባ ውስብስብ ሆኗል ተብሎ ሳይሆን አይቀርም። በሊንከን ካህናት መካከል በጊዜው የፒዩሪታን ዝንባሌ ያላቸው ሰዎች ነበሩበት። በቀጣዩ ዓመት ደግሞ ጉባኤው ስለ ኦርጋኑ አጠቃቀም ትእዛዝ አወጣ፦ ተጫዋቹ ከመዝሙሩ በፊት ለመዘምራኑ መነሻ ድምፅ እንዲሰጥ፣ ከዚያ ያለፈውም ውስን እንዲሆን። በእጁ ያን ሁሉ ችሎታ ለያዘ ወጣት ይህ ትእዛዝ ምን ያህል እንደሚከብድ መገመት አያስቸግርም።

እገዳው በኋላ ተነሥቶለታል። ነገሩ የሚያስገርመው ግን ቢርድ ወደ ለንደን ከሄደም በኋላ ካቴድራሉ የደመወዙን ጥቂት ክፍል እስከ 1581 ድረስ ሲከፍለው መቆየቱ ነው፤ በምላሹ አዳዲስ መዝሙራትን እየደረሰ እንዲልክላቸው ነበር ስምምነቱ። የቀጡትን ሰው ድርሰት ማጣት አልፈለጉም።

በሊንከን ሳለ በ1568 ጁሊያና ቢርሊ የምትባል ሴት አገባ፤ ቢያንስ ሰባት ልጆች ወልደዋል።

ንጉሣዊው ቤተ ጸሎትና የማተም መብት

በጃንዋሪ 1572 የንጉሣዊው ቤተ ጸሎት አባል የነበረው ደራሲ ሮበርት ፓርሰንስ በኒውአርክ አጠገብ በትሬንት ወንዝ ሰጥሞ ሞተ። በወሩ ቢርድ በቦታው ቃለ መሐላ ፈጽሞ ገባ። ንጉሣዊው ቤተ ጸሎት የአንድ ሕንፃ ስም አይደለም፤ ንግሥቲቱ በምትሄድበት ቤተ መንግሥት ሁሉ እየተከተሉ የሚያገለግሉ ካህናትና መዘምራን ስብስብ ነው። በአገሪቱ ያሉ ምርጥ ዘማሪዎች የሚገኙት እዚያ ነበር። ቢርድም ከቀድሞ አስተማሪው ከታሊስ ጎን ቆሞ መሥራት ጀመረ።

በ1575 ንግሥቲቱ ለሁለቱ ትልቅ መብት ሰጠቻቸው። ለ21 ዓመት በእንግሊዝ ውስጥ ባለ ብዙ ድምፅ ሙዚቃ የማተም፣ እንዲሁም ኖታ የሚጻፍበትን ባለ መስመር ወረቀት የማተምና የመሸጥ መብት የእነርሱ ብቻ ሆነ። በዚያው ዓመት ካንሲዮኔስ ሳክሬ የተባለ የላቲን መዝሙራት መጽሐፍ አወጡ። በውስጡ 34 ሞቴቶች አሉ፤ 17ቱ የታሊስ፣ 17ቱ የቢርድ ናቸው። ቁጥሩ ያለ ምክንያት አልተመረጠም፤ መጽሐፉ የተበረከተላት ኤልሳቤጥ በነገሠች በ17ኛው ዓመት ነበር። አታሚው ከፈረንሳይ የመጣው ፕሮቴስታንት ቶማስ ቮትሮልየ ነበረ።

መጽሐፉ አልተሸጠም። በ1577 ሁለቱ ሙዚቀኞች ቢያንስ 200 ማርክ እንደከሰሩ ገልጸው ለንግሥቲቱ አቤቱታ አቀረቡ፤ እርሷም ገቢ የሚያስገኝ መሬት በኪራይ እንዲያዝላቸው አደረገች። አንድ ማርክ የፓውንድ ሁለት ሦስተኛ ነበር።

ካቶሊክነቱ

ቢርድ መቼ ካቶሊክ እንደሆነ፣ ወይም ከልጅነቱ ጀምሮ ካቶሊክ እንደነበረ በእርግጥ መናገር ያስቸግራል። ከ1570ዎቹ ጀምሮ ግን ማስረጃው እየበዛ ይሄዳል። በ1570 ፓፓ ፒየስ 5ኛ ኤልሳቤጥን አውግዞ ተገዢዎቿን ከታማኝነት ግዴታቸው ፈትቶ ነበር። ከዚያ በኋላ በመንግሥት ዓይን ካቶሊክ መሆን ማለት ከሃዲ ለመሆን አንድ እርምጃ መቅረት ነበር። በፕሮቴስታንቱ ቤተ ክርስቲያን አንገኝም የሚሉት ሰዎች ሬኩዛንት ይባሉ ነበር። በ1577 የቢርድ ሚስት ጁሊያና በዚህ ተከሰሰች። ከ1580ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የራሱም ስም በዝርዝሩ ውስጥ ይገኛል። ቤቱ ሊፈተሹ ከሚገባቸው ቤቶች ጋር ተመዘገበ።

ሕጉ በየጊዜው እየጠነከረ መጣ። በ1581 በወጣው ሕግ መሠረት ወደ ቤተ ክርስቲያን ያልመጣ ሰው በወር 20 ፓውንድ ይቀጣል፤ የካቶሊክ ቅዳሴ ሲያስቀድስ የተገኘ 100 ማርክ ከፍሎ አንድ ዓመት ይታሰራል። በ1585 ደግሞ በውጭ አገር ተቀብቶ ወደ እንግሊዝ የገባ ካቶሊክ ቄስ በሞት እንዲቀጣ፣ ያስጠለለውም እንዲሁ እንዲሞት ተደነገገ።

በዲሴምበር 1581 ኢየሱሳዊው ቄስ ኤድመንድ ካምፒየን ለንደን ውስጥ ተገደለ። ስለ ሞቱ በድብቅ የታተመ ግጥም ነበር፤ በማሳተም የተከሰሰው ሰው ጆሮዎቹ እንዲቆረጡ ተፈረደበት። ቢርድ ያንኑ ግጥም በዜማ ደርሶ በ1588 ባወጣው የመዝሙራት መጽሐፍ ውስጥ አተመው፤ የካምፒየንን ነገር በግልጽ የሚያነሡት ስንኞች ግን አልገቡም። የሚያውቅ ያውቀዋል ማለት ነው።

በእነዚያ ዓመታት የጻፋቸው የላቲን ሞቴቶች ርእሳቸው በጣም ይመሳሰላል፦ የኢየሩሳሌም መፍረስ፣ ምርኮ፣ የእግዚአብሔር ዝምታ፣ መዳንን መጠባበቅ። ቃላቱ ሁሉም ከመጽሐፍ ቅዱስና ከጸሎት መጻሕፍት የተወሰዱ ስለሆኑ ማንም ሊከስበት አይችልም። የተሰደዱት የእንግሊዝ ካቶሊኮች ግን ኢየሩሳሌም ሲባል ማን እንደሆነች ገብቷቸው ነበር። ከዚህ ጋር የሚነሣ አንድ ታሪክ አለ። የንጉሠ ነገሥቱ የሙዚቃ አለቃ ፊሊፕ ደ ሞንቴ በ1583 በባቢሎን ወንዞች አጠገብ ስለተቀመጡት ምርኮኞች የሚናገረውን መዝሙር (በግዕዝ ዳዊት 136ኛው) በስምንት ድምፅ ደርሶ ለቢርድ ላከለት። ቢርድም በሚቀጥለው ዓመት የዚያኑ መዝሙር ተከታይ ስንኞች በስምንት ድምፅ ደርሶ መለሰለት። ሞንቴ በንግሥት ሜሪ ዘመን ከባሏ ከስፔኑ ፊሊፕ መዘምራን ጋር ወደ እንግሊዝ መጥቶ ስለነበር ምናልባት ከልጁ ቢርድ ጋር ያኔ ተያይተው ይሆናል።

በጁላይ 1586 ቢርድ ሪቻርድ ቦልድ በተባለ ካቶሊክ ባለ ርስት የገጠር ቤት ውስጥ በተደረገ የበርካታ ቀናት ስብሰባ ላይ ተገኝቷል። ከእርሱ ጋር ገና ወደ አገሩ የገቡት ኢየሱሳውያን ቄሶች ሄንሪ ጋርኔትና ባለቅኔው ሮበርት ሳውዝዌል ነበሩ። ባለቤቱ ራሱ ሙዚቃ አዋቂ ሲሆን ኦርጋንና ሌሎች መሣሪያዎች፣ ወንዶችም ሴቶችም የሚዘምሩበት የቤት መዘምራን ነበሩት። ለእነዚያ ቀናት የገጠሩ ቤት እንደ ካቴድራል ሆነ። ሳውዝዌል በ1595፣ ጋርኔት በ1606 ተገድለዋል።

ቢርድ ግን ተረፈ። ለዚህም ዋናው ምክንያት የንግሥቲቱና የጥቂት መኳንንት ጥበቃ እንደሆነ ይታመናል። በ1592 የቀረበበት ክስ በንግሥቲቱ ትእዛዝ እንዲቆም ተደርጓል።

ሦስቱ ቅዳሴዎች

ታሊስ በ1585 ሲሞት የማተም መብቱ ለቢርድ ብቻ ቀረ። ቶማስ ኢስት ከሚባለው አታሚ ጋር እየሠራ ከ1588 እስከ 1591 ባለው ጊዜ ሁለት የእንግሊዝኛ መዝሙራትና ዘፈኖች፣ ሁለት የላቲን ሞቴቶች መጻሕፍት አወጣ። በ1588ቱ መጽሐፍ መግቢያ ላይ ሰው ሁሉ መዘመር መማር ያለበት ለምን እንደሆነ ስምንት ምክንያቶችን ዘርዝሯል፤ ለጤና ይጠቅማል የሚለውም አለበት።

በ1593 ገደማ በኤሴክስ አውራጃ ስቶንደን ማሲ ወደምትባል መንደር ከቤተሰቡ ጋር ተዛወረ። ቦታውን የመረጠው ያለ ነገር አይደለም፤ የካቶሊክ ቤተሰብ የነበሩት የሰር ጆን ፒተር መኖሪያ ኢንጌትስቶን አዳራሽ በቅርብ ርቀት ላይ ነበር። በፒተር ቤት ውስጥ ቅዳሴ በድብቅ ይደረግ ነበር።

ቢርድ በስም ከሚታወቅባቸው ሥራዎች ቀዳሚዎቹ ሦስቱ ቅዳሴዎች የተወለዱት በዚህ ጊዜ ነው፤ አንዱ ለአራት፣ አንዱ ለሦስት፣ አንዱ ለአምስት ድምፅ። ሁሉም ኪርዬ፣ ግሎሪያ፣ ክሬዶ፣ ሳንክቱስና አኙስ ዴይ የሚባሉትን የላቲን ቅዳሴ ቋሚ ክፍሎች ይዘዋል። ከተሐድሶው በፊት ለትልልቅ ካቴድራሎች የተጻፉት የእንግሊዝ ቅዳሴዎች ረጃጅምና ግርማ የሞላባቸው ነበሩ፤ የቢርድ ግን አጫጭርና ጥብቅ ናቸው። በአንድ ክፍል ውስጥ አራት ወይም አምስት ሰው ተቀምጦ ሊዘምራቸው ይችላል። ይህ ማለት ግን ከአሮጌው ሥርዓት ተቆርጠዋል ማለት አይደለም። የአራት ድምፁ ቅዳሴ ሳንክቱስ አጀማመሩን ከጆን ታቨርነር ቅዳሴ ወስዷል። ታቨርነር በዚያው በሊንከንሺር አውራጃ በ1545 የሞተ፣ የድሮው የላቲን ዜማ ትልቅ ደራሲ ነበረ። በአራት ድምፁ አኙስ ዴይ መጨረሻ ላይ ሰላም ሲለመን ድምፆቹ እየተጋጩና እየተፈቱ የሚሄዱበት ቦታ ከቢርድ ሥራዎች ሁሉ ብዙ ሰው የሚያስታውሰው ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የኅትመታቸው ነገር ራሱን የቻለ ታሪክ አለው። በዚያ ዘመን ሁሉም ድምፆች በአንድ ገጽ ላይ አይታተሙም ነበር። እያንዳንዱ ዘማሪ የራሱን ድምፅ ብቻ የያዘ ትንሽ መጽሐፍ ይሰጠዋል፤ ሙሉው ዜማ የሚገኘው ሁሉም ሲሰበሰቡ ነው። የሦስቱ ቅዳሴዎች መጻሕፍት ጥቂት ቅጠል ብቻ ያላቸው፣ በቀላሉ የሚደበቁ ነበሩ። የርእስ ገጽ የላቸውም፤ የአታሚው ስም፣ ቦታውና ዓመቱም አልተጻፈም። የደራሲው ስም ግን በየገጹ ራስ ላይ አለ። አታሚው ተሸሽጎ ደራሲው አልተሸሸገም።

ዓመቱ የታወቀው በ1960ዎቹ ነው። አንድ ተመራማሪ የቶማስ ኢስትን ማተሚያ ቤት ሥራዎች አሰባስቦ በምዕራፍ መጀመሪያ ላይ የሚታተሙትን ያጌጡ ትልልቅ ፊደላት አመሳከረ። የእንጨት ማኅተሞቹ በየጊዜው ይሰነጠቁና ይሸረፉ ስለነበር፣ በቅዳሴዎቹ ላይ ያለውን ስንጥቅ ቀናቸው ከተጻፈ መጻሕፍት ጋር በማነጻጸር ቅደም ተከተሉን ማግኘት ቻለ፦ የአራት ድምፁ በ1592–93፣ የሦስት ድምፁ በ1593–94፣ የአምስት ድምፁ በ1595 ታትመዋል። የፋይል ማሻሻያ ቀን ጠፍቶበት ከይዘቱ ለማወቅ የሞከረ ሰው የዚህን ዘዴ ብልሃት ያደንቃል።

ግራዱዋሊያ

ከቅዳሴው ቋሚ ክፍሎች በተጨማሪ በየበዓሉ የሚለዋወጡ ክፍሎች አሉ። ቢርድ ለዓመቱ ዋና ዋና በዓላት እነዚህን በዜማ ለመሸፈን ተነሣ፤ ውጤቱም በ1605 እና በ1607 በሁለት ክፍል የወጣውና 109 ድርሰቶችን የያዘው ግራዱዋሊያ ነው። ሁለተኛው ክፍል የተበረከተው ያኔ ባሮን ለሆነው ለጆን ፒተር ነበር።

መጽሐፉ መጀመሪያ ሲያዩት ግራ ያጋባል። አንዳንዱ በዓል ከግማሽ ይጀምራል፤ አንዳንዱ ክፍል ቦታው ያልሆነ ይመስላል። ምስጢሩ በ1963 በወጣ ጥናት ተፈታ። በብዙ በዓላት ላይ አንድ ዓይነት ስንኝ ስለሚደጋገም ቢርድ አንድ ጊዜ ብቻ አሳትሞት በሌላው በዓል ላይ ዘማሪው ራሱ ከየቦታው እያነሣ እንዲገጣጥመው አድርጎ ነበር። ኮምፒውተር ለሚማር ሰው ነገሩ እንግዳ አይደለም፤ አንድ ጊዜ የተጻፈ ንኡስ ፕሮግራም በሚፈለግበት ሁሉ እንደሚጠራ ነው። ወረቀት ውድ በሆነበት ጊዜ ብልህ ዘዴ ነበር። ችግሩ ደራሲው መመሪያውን በአግባቡ አለመጻፉ ነው።

የመጀመሪያው ክፍል የወጣበት ዓመት ግን ክፉ ነበር። በኖቬምበር 5 ቀን 1605 ካቶሊኮች ፓርላማውን ከንጉሥ ጄምስ 1ኛ ጋር በባሩድ ለማፈንዳት ያሴሩት ሤራ ተገኘ። በዚያ ሰሞን ቻርልስ ደ ሊኚ የሚባል አንድ ፈረንሳዊ በለንደን የእንግዳ ማረፊያ ውስጥ የቢርድን መጽሐፍ ይዞ በመገኘቱ ተይዞ ወደ ኒውጌት እስር ቤት ተላከ። መጽሐፉ ግን በለንደኑ ጳጳስ ፈቃድ የታተመ ነበር። ያም ሆኖ ቢርድ የቀሩትን ቅጂዎች ከገበያ ሳይሰበስብ አልቀረም፤ በ1610 አዲስ የርእስ ገጽ ተደርጎላቸው እንደገና ወጡ።

ዛሬ በዓለም በሚገኙ መዘምራን ዘንድ ከቢርድ ድርሰቶች ምናልባት በብዛት የሚዘመረው አቬ ቬሩም ኮርፑስ የሚገኘው በዚህ መጽሐፍ በ1605ቱ ክፍል ነው። ለአራት ድምፅ የተጻፈ፣ አራት ደቂቃ ገደማ የሚወስድ አጭር ሞቴት ሲሆን ስለ ቅዱስ ቁርባን ይናገራል።

ለካቴድራል የደረሳቸው

ስለ ድብቁ ቅዳሴ ብዙ ሲወራ ቢርድ ለደመወዝ ከፋዩ የሠራው ይረሳል። ለእንግሊዝኛው የጧትና የማታ ጸሎት ሙሉ የዜማ አገልግሎቶችን ደርሷል። ከእነዚህ ትልቁ፣ ታላቁ አገልግሎት የሚባለው፣ በቀኝና በግራ ለተከፈሉ አሥር ድምፆች የተጻፈ ነው። ሁለቱ ወገኖች ሲቀባበሉና ሲገጥሙ የሚፈጠረው ድምፅ ሰፊ ካቴድራልንና ብዙ ዘማሪን ይፈልጋል፤ በጓዳ የሚዘመር አይደለም። አንድ ሰው በእምነቱ የማይስማማበትን ጸሎት በዚህ ጥንቃቄ ማስጌጡ አንዳንዱን ያስገርማል። የላቲን ቅዳሴው ሲታፈን እንግሊዝኛው ግን ሙሉ መዘምራንና ኦርጋን ነበረው፤ የልጅነት ትምህርቱን በሙሉ ኃይሉ ሊጠቀምበት የሚችለው እዚያ ነበር። ይህ የጽሑፉ አዘጋጅ ግምት ነው።

ለቨርጂናልና ለኦርጋንም ብዙ ጽፏል። በ1591 የተጠናቀቀው የሌዲ ኔቭል መጽሐፍ የተባለው በእጅ የተጻፈ ጥራዝ 42 የቁልፍ መሣሪያ ድርሰቶቹን ይዟል። በ1613 ገደማ ከጆን ቡልና ከኦርላንዶ ጊበንስ ጋር በአንድነት ያወጣው ፓርቴኒያ በእንግሊዝ ለቁልፍ መሣሪያ የታተመ የመጀመሪያው የሙዚቃ መጽሐፍ ነው።

ከተማሪዎቹ ቶማስ ሞርሊና ቶማስ ቶምኪንስ ይገኙበታል። ሞርሊ በ1597 ያወጣውን የታወቀ የሙዚቃ መማሪያ መጽሐፍ ለእርሱ አበርክቶለታል።

የመጨረሻ ዓመታቱ

ቢርድ በሙግት የታወቀ ሰውም ነበረ። በስቶንደን የሚኖርበት ርስት በሤራ ተከሶ ከታሰረ ሼሊ ከተባለ ካቶሊክ በመንግሥት የተወረሰ ነበር። የሼሊ ሚስት ጄን ርስቴ ይመለስልኝ ብላ ብዙ ዓመት ከሰሰችው፤ እርሱም አልለቅም ብሎ ተሟገተ። በእምነት ወገኑ ከሆነች ሴት ጋር፣ ያውም መንግሥቱ በሰጠው ወረቀት! ጉዳዩ ያለቀው በ1610 ሴትየዋ ስትሞት ነው።

በኑዛዜው በካቶሊክ እምነቱ እንደሚሞትና በስቶንደን ደብር በሚስቱ መቃብር አጠገብ መቀበር እንደሚፈልግ ገልጿል። ጁላይ 4 ቀን 1623 ሞተ። የንጉሣዊው ቤተ ጸሎት መዝገብ ሞቱን ሲመዘግብ የሙዚቃ አባት በሚል ማዕረግ ጠርቶታል፤ በዚያ መዝገብ ውስጥ ይህ የተለመደ አጻጻፍ አይደለም። የመቃብሩ ትክክለኛ ቦታ ዛሬ አይታወቅም።

ከሞተ በኋላ

የእንግሊዝኛ መዝሙራቱ ጥቂቶቹ በካቴድራሎች መዘመራቸውን ቀጠሉ። የላቲን ሥራዎቹ ግን ለረጅም ጊዜ በመጻሕፍት ቤት ተቀመጡ፤ የሚዘምርበት ቦታ የለማ! ካቶሊኮች በእንግሊዝ በነፃነት የማምለክ መብታቸው የተመለሰው ከብዙ ትውልድ በኋላ ነው።

መነቃቃቱ የመጣው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ20ኛው መጀመሪያ ነው። በ1903 አገልግሎት በጀመረው የለንደን ካቶሊካዊ ዌስትሚንስተር ካቴድራል የመዘምራን አለቃ የነበረው ሪቻርድ ቴሪ ሦስቱን ቅዳሴዎች በየጊዜው በቅዳሴ ላይ ያዘምር ነበር። በጓዳ ለጥቂት ሰው የተጻፈው ዜማ ከ300 ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ካቴድራል ገባ ማለት ይቻላል። የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ካህን የነበረው ኤድመንድ ፌሎውስ ደግሞ በ1922 በዴራም ካቴድራል ቤተ መጻሕፍት የታላቁን አገልግሎት ድምፆች አገኘ። እርሱ ያዘጋጀው የቢርድ ሥራዎች ስብስብ ከ1937 እስከ 1950 በ20 ጥራዝ ወጥቷል።

አሁን በአንግሊካን ካቴድራሎችም ጭምር፣ ሊንከንን ጨምሮ፣ የላቲን ሞቴቶቹ ከእንግሊዝኛ መዝሙራቱ ጋር በአንድ አገልግሎት ይዘመራሉ።